የበኩር ውርንጭላ ለሩጫ አይሆንም የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ የውድድር ፈረስ ጋጣ ውስጥ እሠራለሁ። ነባሮቹ ሠራተኞች «የባዝራን የመጀመሪያ ልጅ አትግዛ፤ ትንሽ ነው፣ ቶሎም አይደርስም» ይላሉ። ውርንጭላ ስንተኛ ሆኖ መወለዱ ሩጫውን ይወስናል?

መልስ፦ ስለ መጠኑ ልክ ናቸው፤ ስለ ሩጫው ግን ቸኩለዋል። ወልዳ የማታውቅ ባዝራ የምትወልደው ውርንጭላ በአማካይ ቀለል ያለ ነው። ምክንያቱ የእንግዴ ልጁ ነው። የላም የእንግዴ ልጅ በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ይያያዛል። የባዝራ ግን መላውን የማሕፀን ግድግዳ ሸፍኖ በጥቃቅን ጉጦች ነው የሚያያዘው፤ ስለዚህ ፅንሱ የሚያገኘው ምግብ በማሕፀኑ ስፋትና በጉጦቹ ብዛት ይወሰናል። አንዴ አርግዞ የሰፋ ማሕፀን ሁለተኛውን በተሻለ ይቀበላል። ኒውማርኬት በተባለችው የእንግሊዝ የፈረስ ከተማ የቶሮብሬድ (ለሩጫ የሚራባው ዝርያ) ፈረሶች የእንግዴ ልጅ እየተመዘነና እየተለካ ሲታይ የበኩሮቹ ቀላል ሆኖ ተገኝቷል።

የእናት ማሕፀን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ዋልተንና ሃመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 አሳይተዋል። ግዙፉን የሻየር ፈረስና ድንኩን የሼትላንድ ፈረስ በሁለቱም አቅጣጫ አዳቀሉ። ከሻየር እናት የተወለደው ውርንጭላ ከሼትላንድ እናት ከተወለደው ሦስት እጥፍ ያህል ከበደ። የሁለቱም ዘር እኩል በእኩል ነበር፤ የተለያየው የተሸከማቸው ሆድ ነው።

ሩጫ ግን በልደት ኪሎ ብቻ አይለካም። ማይ ቻርመር የተባለችው አሜሪካዊት ባዝራ በ1974 በኩሯን ሲያትል ስሉን ወለደች። በሚቀጥለው ዓመት በጨረታ 17,500 ዶላር ብቻ አወጣ። በ1977 ሳይሸነፍ የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠቀለለ፤ በዕድሜ ዘመኑ ከሮጣቸው 17 ውድድሮች 14ቱን አሸነፈ። ያችው እናት በ1984 የወለደችው ሲያትል ዳንሰር ደግሞ በ1985 በ13.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ የዓለምን የጨረታ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ያሸነፈው ግን ሁለት ውድድር ብቻ ነው። ፍራንከል፣ 14 ጊዜ ሮጦ 14 ጊዜ ያሸነፈው፣ ለእናቱ ሁለተኛ ነበር። ሌላው ዝነኛ ፈረስ ጋሊሊዮ ለእናቱ ሦስተኛ ነው።

የበኩር ትንሽነት በእርግጥ የሚጎዳው ገና በሁለት ዓመቱ ለሚሮጥ ፈረስ ነው። በዚያ ዕድሜ ጥቂት ኪሎና ጥቂት ሳምንት ልዩነት ያመጣሉ። ለረጅም ርቀት ታስቦ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ለሚጠበቅ ፈረስ ግን «በኩር ነው» ብሎ መተው ጥሩ ፈረስ ማምለጥ ነው።

ጥያቄ፦ የጨረታ ካታሎግ ላይ የበኩሮችና የኋለኞቹ ልጆች ውጤት ሲነጻጸር አያለሁ። ልመነው?

መልስ፦ በጥንቃቄ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አንደኛ፣ በኩሯ ደካማ የሆነባት ባዝራ ብዙ ጊዜ ትሸጣለች ወይም ርካሽ ድንጉላ ይፈለግላታል። ስድስተኛና ሰባተኛ ልጅ ድረስ በትልቅ እርባታ የቆየችው ቀድሞውንም የተሳካላት ናት። ስለዚህ «ሰባተኛ ልጆች ይሻላሉ» የሚል ቁጥር ቢያዩ የሚያወራው ስለ ልጆቹ ተራ ሳይሆን ከማጣሪያው ስላለፉት እናቶች ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ንጽጽር የአንዲት እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ነው፤ ያኔም የአባታቸውን ስም ከጎን ይጻፉ፤ ድንጉላው ከተለወጠ ተራውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ወጥመድ የቀን መቁጠሪያው ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የቶሮብሬድ ሁሉ ዕድሜ ጃንዋሪ 1 ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል፤ በደቡቡ፣ ለምሳሌ በአውስትራሊያ፣ ኦገስት 1 ላይ። ባዝራ በአማካይ 340 ቀን ታረግዛለች፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን እንድትወልድ ከተፈለገ በወለደች በ25 ቀን ውስጥ መፅነስ አለባት። ከወለደች ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ድንጉላ ትፈልጋለች፤ ማሕፀኗ ገና ስላላገገመ ብዙ አርቢዎች ያንን ያልፉታል። ቀጣዩ በ30ኛው ቀን ገደማ ነው፤ እሱም ካልያዘ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። እንዲህ በየዓመቱ አንድ ዙር ብቻ ካመለጣት ልደቷ በ26 ቀን ገደማ ይገፋል። በኩሯን ፌብሩዋሪ 1 የወለደች አራተኛዋን ኤፕሪል 20 ገደማ ትወልዳለች ማለት ነው። ያ አራተኛ ልጅ በሁለት ዓመቱ ውድድር ላይ ከእኩዮቹ ሁለት ወር ተኩል አንሶ ሊቀርብ ይችላል። ዘገየ የተባለው በተራው ሳይሆን በልደት ቀኑ ነው። ካታሎግ ሲያነቡ ተራውን ከማየትዎ በፊት የተወለደበትን ቀን ይዩ።

ጥያቄ፦ ያረጀች ባዝራ ልጅስ?

መልስ፦ ዕድሜ ሲገፋ የማሕፀን ግድግዳ ይጎዳል፤ ጠባሳና ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይበዙበታል፤ የእንግዴ ልጁ የሚያያዝበት ጤነኛ ቦታም ይቀንሳል። ይህ የዕድሜ እንጂ የተራ ጉዳይ አይደለም፤ በ16 ዓመቷ የመጀመሪያዋን የምትወልድ ባዝራ ሁለቱንም ችግር ትሸከማለች። ማሕፀኗ ጤነኛ ከሆነ ግን ዕድሜ ብቻውን አያግድም፤ ዝነኛው የአሜሪካ ሯጭ ፈረስ ሴክሬታሪያት ሲወለድ እናቱ 18 ዓመቷ ነበር፤ «ኧርባን ሲ» የተባለችው ባዝራም «ሲ ዘ ስታርስ» የተባለውን ዝነኛ ሯጭ የወለደችው በ17 ዓመቷ ነው። ከማስጠቃትዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ከማሕፀኗ ቁራጭ ወስዶ ይመርምርላት።

ጥያቄ፦ ባዝራችን የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ከመውለጃዋ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ወደምትወልድበት ጋጣ ያዛውሯት። የዚያን ቦታ ተሕዋስያን የሚከላከል አቅም በደሟ ይሠራል፤ ከዚያም በእንገሯ ለልጁ ይተላለፋል። ክትባቷም በዚያው ሰሞን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሰጥ። ጡቷን በየቀኑ ለስለስ አድርገው ይንኩ፤ ተነክታ የማታውቅ ባዝራ ውርንጭላዋ አፉን ጡቷ ላይ ሲያሳርፍ ደንግጣ ትራገጣለች። በኩሯን የምትወልድ ባዝራ ጡቷ ዘግይቶ ሊሞላ ይችላልና «ጡቷ ገና ነው» ብለው ሌሊቱን አይተኙ።

ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ መገላገል አለባት። ነጭ ከረጢት በመውጣት ፋንታ ቀይና ሻካራ ነገር ከታየ የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል፤ ውርንጭላው አየር እያጣ ነውና ሐኪም ሳትጠብቁ ያንን ቀይ ነገር ቀድዳችሁ ውርንጭላውን አውጡት።

ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ይጠባል፤ የእንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት ይወጣል። ካልወጣ አትጎትቱት፤ እንዳይረገጥ ወደ ላይ አስራችሁ ሐኪም ጥሩ፤ የቀረ ቁራጭ እናትየዋን ኮቴዋን አሳብጦ ሊያሽመደምዳት ይችላል። ሲወጣ መዝኑት። ከውርንጭላው ክብደት 11 በመቶ ያህል ነው የሚጠበቀው፤ ለ50 ኪሎ ውርንጭላ 5.5 ኪሎ ገደማ። ከዚያ በጣም ከበደ ማለት ያበጠ ወይም የተመረዘ ሊሆን ይችላል።

እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ይጥባ። የውርንጭላው አንጀት የእንገሩን የመከላከያ አካላት የሚያሳልፈው ከልደት በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ደሙ ይመርመር፤ አይጂጂ (በደም ውስጥ ያለው በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ከ800 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ በቂ ነው፤ ከ400 በታች ከሆነ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ሊሰጠው ያስፈልጋል። በኩሯን የወለደች እናት ልጇን ብትገፋ ያዟትና ይጥባ፤ ብዙዎቹ በአንድ ሁለት ቀን ይለምዳሉ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት፣ ለጋሪና ለጭነት በምናረባቸው ባዝራዎች ላይም ይህ ይሠራል?

መልስ፦ ማሕፀኑ አንድ ነው፤ ይሠራል። ፅንሱ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠውን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነውና ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ከጋሪ ይፍቷት፤ በኩሯ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ከወለደች በኋላ 250 ኪሎ የምትመዝን ባዝራ በቀን ሰባት ሊትር ያህል ወተት ትሰጣለች፤ ያን ለማምረት ውሃ ከፊቷ መጥፋት የለበትም። ወተቷ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስለሆነ ተጨማሪ መኖዋ በዚያን ጊዜ ይሰጣት።