አራት ሆኖ መድረስ

ልጆቼ፣

አራታችሁ ቡድን መሥርታችሁ ለብዙ ቀናት በሚዘልቅ የጀብዱ ውድድር ለመሳተፍ እንዳሰባችሁ የጻፋችሁልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጡ፣ ማን እንጦጦን በስንት ደቂቃ ወጥቶ እንደሚወርድ፣ የብስክሌታችሁ ጎማ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳይቀር ዘርዝራችኋል። ከእኔ የፈለጋችሁት ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ፣ የትኛውን መድኃኒት እንያዝ ለሚለው መልስ ነው። በደቡብ አፍሪካ በሐኪምነት በሠራሁባቸው ዓመታት በእነዚህ ውድድሮች የሕክምና ድንኳን ውስጥ በፈቃደኝነት አገልግያለሁና ስለ ምግቡም ስለ መድኃኒቱም የምለው አላጣም። የሚቀድም ጉዳይ ግን አለ። ከውድድር የወጡ ቡድኖችን ሳክም ደጋግሞ የገጠመኝ ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ትናንት ጠዋት የጀመረውን ሕመም ለጓደኞቹ የተናገረው ዛሬ ማታ መራመድ ሲያቅተው ነው።

ደብዳቤው ከእናንተ እጅ ወጥቶ ሌሎች ጓደኞቻችሁም ያነቡት ይሆናልና ስለ ውድድሩ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮቢን ጀድኪንስ የተባለ ኒውዚላንዳዊ የአገሩን ደቡባዊ ደሴት ከምዕራብ ዳርቻ እስከ ምሥራቅ ዳርቻ በሩጫ፣ በብስክሌትና ካያክ በተባለች ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ የሚያቋርጥ ውድድር ጀመረ። ኮስት ቱ ኮስት ይባላል፤ ርዝመቱ 243 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዤራር ፉዚል ሬድ ጎልዋዝ የተባለውን ውድድር እዚያው ኒውዚላንድ አካሄደ። የዛሬው ረጅም የጀብዱ ውድድር መልኩን ያገኘው ከዚህኛው ነው። ያን ጊዜ ቡድኑ አምስት ሰው ሆኖ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን ነበረባት፤ ዛሬ የተለመደው ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት የአራት ሰው ቡድን ነው። ሰዓቱ ሌት ተቀን ይቆጥራል፤ መቼ እንደምትተኙ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። መንገዱን የሚያሳይ ምልክት አይተከልም፤ ከአንዱ መቆጣጠሪያ ነጥብ ወደ ሌላው የምትደርሱት በካርታና በኮምፓስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፊጂ በተካሄደው ኢኮ ቻሌንጅ የተባለ የጀብዱ ውድድር ከ30 አገሮች የመጡ 66 ቡድኖች 671 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ የተሰጣቸው 11 ቀን ነበር። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቀሪዎቹ ሦስቱ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ ቡድኑ እንደጨረሰ አይቆጠርም።

እኛ ያደግንበት ሩጫ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ቢሆንም በ1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የተረከዙን ጅማት እያመመው ነበር የገባው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየዞሩ እያዩት፣ እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ በቴሌቪዥን ተመልክተናል። አልሆነም፤ በመጨረሻ ሄዱ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እናንተ በምትገቡበት ውድድር ያ የመጨረሻ ምርጫ የለም። ጥሎ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ የምትጓዙት በቡድኑ ፈጣን ሰው እግር ሳይሆን በዚያች ሰዓት በታመመው ሰው እግር ነው።

እግርን ካነሳሁ ከእግር ልጀምር። በሕክምናው ድንኳን ብዙውን ጊዜዬን የወሰደው ስብራት ወይም ትልቅ ቁስል አልነበረም፤ ውኃ የቋጠረ እግር ነው። ከመቋጠሩ በፊት ቆዳው ይሞቃል፣ ይለበልባል። ያን ጊዜ ቆሞ ጫማ አውልቆ፣ አሸዋውን አራግፎ፣ ፕላስተር ለጥፎ ለመነሳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ዝም ከተባለ ቆዳው ይላጣል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ ይመረቅዛል፤ ባለቤቱም ሕመሙን ለመሸሽ አረጋገጡን ሲለውጥ ጉልበቱ ይታመማል። ወንዝ ለወንዝ በሚኬድበት ቀን ደግሞ እግር ለረጅም ሰዓት ሳይደርቅ ቆይቶ ነጭ ሆኖ ይጨማደዳል፣ ይደነዝዛል፣ በኋላም መሬት መርገጥ እሳት መርገጥ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ዕረፍት እግርን አድርቆ አየር ማስነካት፣ ለእንቅልፍ ብቻ የተቀመጠ ደረቅ ካልሲ መያዝ። አስቸጋሪው የሚለበልበው ሰው "ቁሙልኝ" ማለቱ ነው። ሦስት ሰው በጥድፊያ እየተራመደ አንዱ ስለ አውራ ጣቱ ማውራት ያሳፍረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያሳደጉን ሰዎች፣ ልጅ ሲወድቅ ደግሞ "አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም" ይሉ ነበር። ሁለተኛውን በደንብ ተምረናል።

ይህንን ለማስቀረት የምመክረው የየሰዓቱ ጥሪ ነው። በየሰዓቱ አንዱ አራቱንም በስም እየጠራ ይጠይቅ፤ እግር እንዴት ነው? በልተሃል? ጠጥተሻል? ሽንት ሸንተሃል? ይበርድሻል? ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ራሱ ጀምሮ ከሚናገር ሰው ይበዛል። ጥያቄው ለሁሉም እኩል ሲሆን ማንም እንደ በሽተኛ አይቆጠርም።

ሌላው ገመድ ነው። ልምድ ባላቸው ቡድኖች ውስጥ ብርቱው በወገቡ ላይ ላስቲክ ገመድ አስሮ የደከመውን ሲስብ ታያላችሁ፤ በብስክሌትም እንዲሁ ያደርጋሉ። የደከመውን ሰው ቦርሳ ወስዶ በራስ ቦርሳ ላይ መደረብም የተለመደ ነው። እዚያ እንደ ውርደት የሚያየው የለም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሳቢው ተሳቢ ሊሆን ይችላልና። እናንተ ገመዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰራችሁት በውድድሩ ቀን ከሆነ ግን ማንም አይታሰርላችሁም። ገና እንጦጦ ላይ፣ ማንም ሳይደክም፣ በተራ ተሳሳቡ። መንገደኛ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

ደብዳቤያችሁ ውስጥ "እህታችን እንዳትደክም እኛ ወንዶቹ እናግዛታለን" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ፈገግ አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ከፊት የሚሮጠው ጡንቻማ ወጣት በሦስተኛው ቀን ድንኳኔ ውስጥ ተኝቶ፣ ቀስ ብላ የጀመረችው ሴት ከአጠገቡ ቆማ ምግብ ስታጎርሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ማን እንደሚደክም ከወዲሁ አትወስኑ።

ድካሙን አስቀድሞ የተናገረ ሰው ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የአሜሪካዊውን ማርክ ሜሲን ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ። በቀደሙት የኢኮ ቻሌንጅ ውድድሮች የተካፈለ ሰው ነው። የማስታወስ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው አልዛይመር የተባለ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2019 ከልጁ ከትራቪስ ጋር በአንድ ቡድን ሆኖ ፊጂ የገባው። ሕመሙን ጓደኞቹም አዘጋጆቹም ያውቁ ነበር፤ ጉዟቸውን ያሰቡትም እርሱን መሐል አድርገው ነው። ውድድሩን አልጨረሱም። ቢሆንም ጫካ መሐል ድንገት "አባታችን ምን ነካው?" ብሎ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሰው ራሱ ስለማያውቀው ድካም ልንገራችሁ፤ ከሁሉ አስፈሪው እርሱ ነው። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ዛፉ ቤት፣ ድንጋዩ የተቀመጠ ሽማግሌ ሆኖ ይታየዋል። ይህ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው ካርታ ያዡ ላይ ሲደርስ ነው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ፍርዱ መዳከሙን የሚያውቅበት ችሎታው ራሱ ተዳክሟል፤ ስለዚህ "ደህና ነኝ" ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ ካርታ አንባቢ አሠልጥኑ። ከሁለቱ አንዱ "ካርታውን ስጠኝ" ካለ ያለ ክርክር ይሰጥ፤ ይህንን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። የሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ስንፍና አይደለም፤ በተሳሳተ ሸለቆ ወርዶ ተመልሶ መውጣት ብዙ ሰዓት ይበላል። ብርድም እንደዚሁ ነው። ባሌ ላይ የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ በሌሊት ዝናብ የሚያቋርጥ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ሲወርድ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ምላሱ ይተሳሰራል፣ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ዝም ይላል። የቡድናችሁ ቀልደኛ ዝም ካለ ቁሙ፤ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ የሚበላ ስጡት፣ ከነፋስ አስጠልሉት።

ምግብን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣውን ጣፋጭ ዱቄትና ብስኩት ብቻ አትመኑ። በሦስተኛው ቀን አፍ ጣፋጭን ይጠላል፣ ጨው ያለው ነገር ይናፍቃል። አያቶቻችን ለመንገድ የያዙት ጭኮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ፣ የማይበላሽ። ሆዳችሁ እንደሚችለው ግን በልምምድ አረጋግጡ፤ ቅቤ የበዛበት ጭኮ እየሮጡ ሲበሉት ለሁሉም ሰው አይስማማም።

ውኃ ላይ ደግሞ አንድ የተለመደ ምክር ልቃወም። "ባይጠማህም ጠጣ" የሚሉትን አትስሙ። ለረጅም ሰዓት እያላባቸው ንጹሕ ውኃ ብቻ ከልክ በላይ የሚጠጡ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ቀጥሎም ግራ መጋባት ይመጣል። ውኃ የጎደለው ሰው ይመስላል፤ ደግ ጓደኛ ተጨማሪ ውኃ ያጠጣዋል፣ ያኔ ይባስ ይወድቃል። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ጣቱ አብጦ ቀለበቱ የጠበቀበት ሰው ካለ ውኃ አታብዙበት፣ ቶሎ ሐኪም ጋ አድርሱት።

መድኃኒቱን በሚመለከት የምነግራችሁ ታሪክ ከቦርኒዮ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 በማሌዥያዋ ሳባህ ግዛት በተካሄደው ኢኮ ቻሌንጅ 304 ሰዎች ተወዳድረዋል። ሴጋማ የተባለውን ወንዝ ዋኝተውበታል፣ ቀዝፈውበታል፣ ሳይወዱም ውጠውታል። ውድድሩ አልቆ ከተበተኑ በኋላ በየአገሩ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ከባድ የጡንቻ ሕመም ያዛቸው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ሊያገኟቸው ከቻሉት 189 ተወዳዳሪዎች 80ዎቹ ታመው ነበር፤ 29ኙ ሆስፒታል ገቡ፤ የሞተ የለም። በሽታው ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው፤ ከአይጥና ከሌሎች እንስሳት ሽንት ወደ ውኃ የሚገባ ባክቴሪያ ያመጣዋል። የሴጋማን ውኃ የዋጡት ይበልጥ ተጠቅተዋል፤ አስቀድመው ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ የተሻለ ተከልለዋል። ይህን አንብባችሁ ፋርማሲ እንዳትሮጡ፤ ምን መወሰድ እንዳለበት እንደ አገሩ ይለያያል፣ ሐኪም ይወስናል። ከታሪኩ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ቤት ገብታችሁ ሳምንታት ቢያልፉም ትኩሳት ከያዛችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትተኙ፤ ለሐኪሙ በየትኛው ወንዝ እንደገባችሁ ንገሩት፣ እርሱ አይገምተውምና። እዚሁ አገር ጣና ዳር የምትለማመዱም ከሆነ ቢልሃርዚያ እንዳለ አትርሱ፤ ምርመራውም ሕክምናውም ቀላል ነው።

የቀረው ውኃው ራሱ ነው። ስለ ሩጫ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋችሁ ስለ ካያክ የጻፋችሁት "እዚያው ስንደርስ እንለማመዳለን" የሚል ብቻ ነው። ከፍታ ላይ ላደገ ልጅ ተራራው አያስፈራም፤ ብዙዎቻችን ግን የሚፈስ ውኃ ውስጥ የገባነው እስከ ጉልበት ብቻ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያንሳፍፋል እንጂ የተገለበጠ ካያክ ሥር በጨለማ ያለን ሰው አያረጋጋም። ላንጋኖ ሄዳችሁ በባለሙያ ፊት ደጋግማችሁ ተገልበጡ፣ ጀልባውን አቃኑ፣ ተመልሳችሁ ውጡ። ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ደብዳቤ ከአራታችሁ ዋና የማይችለው ማን እንደሆነ በስም ጻፉልኝ። ሁለት ከሆናችሁ ሁለቱንም ስም። ገንዳ ውስጥ ዋና የሚያስተምር ጥሩ ሰው አውቃለሁ፤ ከአሁኑ ከጀመራችሁ ለውድድሩ ትደርሳላችሁ።