«ሃርድሊ» ብዬ ጻፍኩ፣ ጓደኛዬ ሳቀችብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሆቴል ቤት በእንግዳ ተቀባይነት ለመቀጠር በእንግሊዝኛ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር። ጠንክሬ ነው የምሠራው ለማለት «አይ ዎርክ ሃርድሊ» አልኩ። ጓደኛዬ አይታው በሳቅ ፈረሰች። ቅጽል ላይ «ኤል ዋይ» ሲጨመር ተውሳከ ግስ ይሆናል ተብለን አይደል የተማርነው? ደግሞ ሻይ ጥሩ ሲሸት «ስሜልስ ጉድ» ነው ወይስ «ስሜልስ ዌል»?
አንባቢያችሁ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህታችን፣ ጓደኛሽ ቀድማ ማየቷ በጀሽ። ቀጣሪው ያንን ሲያነብ የሚገባው «ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አልነካም» ብለሽ እንደነገርሽው ነው።

የተማርሽው ሕግ ውሸት አይደለም። ክዊክ ክዊክሊ ይሆናል፣ ኬርፉል ኬርፉሊ ይሆናል፣ አብዛኛውም እንደዚያ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ከሕጉ የሚያፈነግጡት ቃላት በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉት መሆናቸው ነው። ሃርድ ቅጽልም ነው፣ ተውሳከ ግስም ነው። ፋስትም እንደዚሁ፤ «ፋስትሊ» የሚባል ቃል የለም፣ ስንቱ ግን ይለዋል! ነገሩ የቆየ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ብዙ ተውሳከ ግስ የሚሠራው ቅጽሉ መጨረሻ ላይ አንዲት አናባቢ በመጨመር ነበር፣ ያቺ አናባቢ ከጊዜ በኋላ ስትጠፋ ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ሆነው ቀሩ።

ሃርድሊ ዛሬ ሌላ ሥራ ነው ያለው። «አይ ሃርድሊ ኖው ሂም» ማለት ሰውየውን እምብዛም አላውቀውም ነው። አሉታው ውስጡ ስላለ «ኖት» አትጨምሪበት። ሌትና ሌትሊም እንደዚያው ናቸው፦ «ሺ ኬም ሌት» አርፍዳ መጣች፣ ሌትሊ ግን ሰሞኑን።

ወደ ሻዩ እንምጣ። «ስሜልስ ጉድ» ነው። «ስሜልስ ዌል» ካልሽ ሻዩ አፍንጫ አውጥቶ በደንብ ያሸታል እንደማለት ይሆናል። እዚህ ጋ ግሱ ሻዩ ምን እንዳደረገ ሳይሆን እንዴት ያለ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ ቅጽል ይፈልጋል። ቴስት፣ ሳውንድ፣ ፊል፣ ሉክ ሁሉ እንደዚህ ያደርጋሉ። ግን ተጠንቀቂ፣ ያው ግስ ድርጊት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። «ሺ ሉክድ አንግሪ» ፊቷ የተቆጣ ይመስል ነበር፤ «ሺ ሉክድ አት ሚ አንግሪሊ» ግን በቁጣ አየችኝ። «አይ ፊል ዌል» ስትዪ ደግሞ ዌል ራሱ ቅጽል ነው፣ ደህና ነኝ፣ አላመመኝም ማለት።

ለምታመለክቺበት ሥራ የምትጠቅምሽ አንዲት ቃል ልጨምርልሽ፦ ፍሬንድሊ። በ«ኤል ዋይ» ብታልቅም ቅጽል ናት። «አይ ስፒክ ፍሬንድሊ» አይባልም፣ «አይ ስፒክ ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ነው።

ማመልከቻው ላይ «አይ ዎርክ ሃርድ» ብትዪ ሰዋስዉ ልክ ነው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አውጪው። ሁሉም አመልካች ይጽፈዋል። በፊት ሠርተሽ ከሆነ ምን እንደሠራሽ ጻፊበት።