ላፕቶፑ ጌም ላይ 97 ዲግሪ ለሚደርስበት የኮምቦልቻ ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ያልከውን ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ነህ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተሃል፣ ፕሮሰሰሩ (ሲፒዩው) ኮር አይ 7 9750ኤች፣ የግራፊክስ ቺፑ (ጂፒዩው) ጂቲኤክስ 1650። ጂቲኤ 5 ስትጫወት 20 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ሲፒዩው 97 ዲግሪ ይገባል፣ ጌሙ ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ኩሊንግ ፓድ (ላፕቶፑ ሥር የሚቀመጥ ባለፋን ማቀዝቀዣ) ልግዛ ወይ ብለሃል። ለጊዜው ብርህን ያዝ።

መጀመሪያ ኤችደብሊውኢንፎ (HWiNFO) የሚባለውን የሙቀት ቁጥሮችን የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ጫንና ሴንሰሮቹን ብቻ ክፈት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ከፍተኛውን ቁጥር ነው፤ አንተ ግን ቁጥሩ እንዴት እንደወጣ እይ። ጌሙ እንደተከፈተ በ5 ወይም በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ55 ተነስቶ 95 ላይ ከዘለለ፣ ሙቀቱ ከቺፑ ራሱ መውጣት አቅቶታል፤ ተርማል ፔስቱ (በቺፑና በመዳቡ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል ወይም ሙቀቱን ከቺፑ የሚወስደው መዳብ በትክክል አልተቀመጠም። ቀስ እያለ በ15 እና በ20 ደቂቃ ከወጣ ግን ሙቀቱ ከቺፑ ወጥቷል፣ ከላፕቶፑ ነው መውጫ ያጣው። ያ ደግሞ አቧራ ነው፣ ወይም አየር የሚስብበት ቀዳዳ ታፍኗል። ያንተ 20 ደቂቃ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

መንቀርፈፉ ብልሽት አይደለም። የ9750ኤች ጣሪያው 100 ዲግሪ ነው፤ ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድርግም ብሎ መጥፋቱን ግን ለብቻው መርምረው። ሲፒዩውም ጂፒዩውም 80 አካባቢ እያሉ ከጠፋ ምክንያቱ ሙቀት ላይሆን ይችላል፣ ወደ ቻርጀሩ ዙር። ጂቲኤክስ 1650 ያለው ላፕቶፕ ባብዛኛው ከ130 እስከ 150 ዋት ይፈልጋል። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አውትፑት አባዛው፤ 19.5 ቮልት በ6.67 አምፒር 130 ዋት ነው። 19.5 በ4.62 ከሆነ 90 ዋት ብቻ ነው፣ የሌላ ላፕቶፕ ቻርጀር ተሰጥቶሃል ማለት ነው። ተሰክቶ እየተጫወትክ የባትሪው ፐርሰንት እየወረደ ከሄደ ይኸው ምልክቱ ነው።

ወደ አቧራው እንምጣ። ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል። የታችኛውን ብሎኖች ስትፈታ ቁመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሳልና እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጥ፤ ረጅሙን ብሎን የአጭሩ ቦታ ላይ ያሰረ ሰው ኪቦርዱን ወይም ቦርዱን ይወጋዋል። ክዳኑን በካቻቢቴ አትፈልቅቅ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይበቃል። ከተከፈተ በኋላ ምንም ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ አላቅ።

ፋኑን ከላይ ስታየው ንጹሕ ሊመስልህ ይችላል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ነው ምንም የለውም ብለው መልሰው የሚዘጉት። አቧራው የሚጋገረው ፋኑ አየር በሚተፋበት አፍና በቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች መሀል ነው። ፋኑን የያዙትን 2 ወይም 3 ብሎኖች ፈትተህ ፋኑን ብቻ ስታነሳው ክንፎቹ ላይ እንደ ፍራሽ ጥጥ የተጠቀጠቀ ግራጫ ንጣፍ ታገኛለህ። ጫፉን በወረንጦ ስትይዘው እንደ ጨርቅ ተላጦ ይመጣል። ቡና ሲፈላ እጣን በሚጨስበት ክፍል የቆየ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ጭሱ ቅባት ነገር ስላለው አቧራውን ያጣብቀዋል፣ በንፋስ ብቻ አይነሳም፣ ለስላሳ ቡሩሽ ያስፈልገዋል። ሳትከፍት ከውጭ በብሎወር መንፋትም ንጣፉን መልሶ ወደ ፋኑ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ እንዲሽከረከር አትፍቀድለት። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ደግሞ ይቅር፤ ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይት አብሮ ይረጫል፣ ግፊቱም የፋኑን ኩሽኔታ ያበላሻል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ሲወራ አልሰማም። ዩቲዩብ ላይ ተመሳሳይ ላፕቶፕ 82 ዲግሪ ሲያሳይ የኛ 88 ቢሆን አትደንግጥ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ኮምቦልቻ ላይ አምስተኛ፣ ደሴ ላይ ወደ ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ደሴ ይህን በብርዷ ታካክሰዋለች፤ ኮምቦልቻ ግን በግንቦትና በሰኔ ክፍሉ ራሱ ይሞቃል፣ የክፍሉ ሙቀት 5 ዲግሪ ሲጨምር ሲፒዩውም 5 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለኛ የፋን ጽዳት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን አይበዛም።

ፔስቱን መቀየር የሚያስፈልገው የ10 ሰከንዱ ዝላይ ካለ፣ ወይም ላፕቶፑ 3 ዓመት አልፎት ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ ነው። መዳቡ ላይ ብሎኖቹ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ተቆጥረዋል፤ ስትፈታ ከትልቁ ቁጥር ወደ ታች፣ ስታስር ከ1 ጀምረህ፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጥረግ። የፋርማሲው 70 በመቶ ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። አርክቲክ ኤምኤክስ 4 ወይም ኤምኤክስ 6 ጥሩ ናቸው። የላፕቶፕ ቺፕ ክዳን የለውም፣ እርቃኑን ነው፤ ስለዚህ ጠብታ ጣል አድርገህ አትተው፣ ጥግ ድረስ በስሱ ቀባው። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን አትንካ፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በጂፒዩው ዙሪያ ሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ካልተቀደዱ በቦታቸው ይቆዩ። በፓዱ ፈንታ ፔስት የሚቀባ ቴክኒሻን ካጋጠመህ አስቁመው፤ ክፍተቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ተኩል ስለሚደርስ ፔስት አይሞላውም፣ ሜሞሪው ሊቃጠል ይችላል። ፎርማት ይደረግ የሚልህም ካለ እሺ አትበል፤ ዊንዶውስ መቀየር አቧራ አያወጣም።

ካጸዳህ በኋላ የሚመረተውን ሙቀት ራሱን ቀንሰው፣ ይህ ብር አያስወጣም። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ማክስ ፍሬም ሬት (ጌሙ በሰከንድ የሚያወጣው የምስል ወይም የፍሬም ብዛት) የሚለውን 60 ላይ ገድበው። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚመረተው ፍሬም አይታይህም፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚተርፍህ። ቀጥሎ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርደው። አንዷ ፐርሰንት ቱርቦውን፣ ማለትም ሲፒዩው ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበትን፣ ታጠፋዋለች፤ ሲፒዩው ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ መዝለሉን ትቶ 2.6 አካባቢ ይረጋል፣ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ጂቲኤ 5 ሲፒዩ ስለሚወድ ትንሽ ፍሬም ታጣለህ፣ ግን የረጋ 50 ፍሬም ከሚዋዥቅ 80 ይሻላል።

ኩሊንግ ፓዱ የመጨረሻው ነው፤ የሚቀንሰው ጥቂት ዲግሪ ነው፣ ክንፎቹ ከታፈኑ ደግሞ ምንም። ለጊዜው ከኋላ ሁለቱ ጥግ ሥር የሃይላንድ ክዳን አድርግለት፣ አልጋና ብርድ ልብስ ላይም አትጫወት። ይህን ሁሉ አድርገህ ከ80 እስከ 88 ላይ ከረጋ ጤነኛ ነው። የ10 ሰከንዱንና የ20 ደቂቃውን ቁጥር ለየብቻ፣ የቻርጀሩንም ዋት ጨምረህ እዚሁ ጻፍልንና እናየዋለን።