ከአጓቱ በፊት አንዲት ቱቦ

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዷ ሰሞኑን «የአጓትን ፕሮቲን በኢንዛይም ቆራርጬ አንቲኦክሲዳንትነቱን፣ ማለትም ፍሪ ራዲካልን የማብረድ አቅሙን፣ ልለካ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ የመለስኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

አጓት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ላቦራቶሪ ሳይሆን የእናቴ ጓዳ ነው። አሬራው ይሞቃል፣ አይቡ ይወጣል፣ የቀረው ውሃ ለጥጃው ይሰጣል። ከላም ወተት ፕሮቲን 20 በመቶ ያህሉ የአጓት ፕሮቲን እንደሆነ ያወቅሁት አድጌ ነው። አሬራው በጣም ከሞቀ የተወሰነው ከአይቡ ጋር ይቀራል እንጂ።

ከዚህ ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ ቤታ ላክቶግሎቡሊን ነው። 162 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች በሏቸው) እንደ ልቃቂት ተጠቅልለው የተሠራ። ፍሪ ራዲካልን (ሌላውን የሚጎዳ ያልረጋ ሞለኪውል ነው) የሚያበርዱት አሚኖ አሲዶች፣ እነ ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋንና ሲስቲን ብዙዎቹ ከልቃቂቱ ውስጥ ተደብቀዋል። ኢንዛይም ሲቆራርጠው ብቅ ይላሉ። ከኢንዛይሞቹ ትሪፕሲን መራጭ ነው፤ ላይሲንና አርጂኒን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ይቆርጣል። አልካሌዝ ብዙ ቦታ ላይ ይቆርጣል። ፔፕሲን ደግሞ ልቃቂቱ ካልተፈታ እምብዛም አይደፍረውም። ስለዚህ አስቀድሞ ማሞቅ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የስፔን ተመራማሪዎች ከዚሁ ፕሮቲን 11 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ቁራጭ አገኙ። በትሪፕቶፋንና በታይሮሲን ትጀምራለች። ፍሪ ራዲካልን በማብረድ ቢኤችኤ ከሚባለው የፋብሪካ አንቲኦክሲዳንት በልጣ ተገኘች። ይህን ሰምታችሁ ግን ዝም ብላችሁ እንዳትከትፉት። ከመጠን በላይ ሲቆረጥ አቅሙ ሊወርድ ይችላል። ይመራልም። ቀምሼዋለሁ፣ አይመከርም!

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ የአጓት ዱቄት በጥብጬ፣ ኢንዛይም ጨምሬ፣ በየሰዓቱ በትንሽ የላቦራቶሪ ቱቦ ናሙና እቀዳ ነበር። ኢንዛይሙ ሥራውን እንዲያቆም እያንዳንዱን ናሙና 95 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አሞቀዋለሁ። የአንቲኦክሲዳንትነቱ ቁጥር ሽቅብ ወጣ። ግራፉን ይዤ ላቦራቶሪውን ዞርኩ፣ ያላሳየሁት ሰው የለም።

ዕቃ የሚያዘጋጁልን፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው ሴት አዩትና፣ «ኢንዛይም ያልገባባትስ ቱቦ?» አሉኝ።

«አለች እኮ፣ መጀመሪያ ላይ የቀዳኋት።»

«እሷማ ፍሪጅ ነው የዋለችው። ከሌሎቹ ጋር አልሞቀችም።»

ክው አልኩ። ሙቀት ብቻውን ልቃቂቱን ይፈታዋል፤ የተደበቀውን የሲስቲን ድኝም ያወጣዋል። ዱቄቱ ውስጥ ደግሞ ላክቶስ ነበረ። ላክቶስና ላይሲን ሲሞቁ እንደ ዳቦ ቅርፊት መቅላት ይጀምራሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ነገር ራሱ አንቲኦክሲዳንት ነው። ታዲያ ግራፌ ላይ የወጣው ኢንዛይሙ ነው ወይስ እሳቱ? መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ኢንዛይም የሌለባት ቱቦ ከሌሎቹ እኩል ትቆይ፣ እኩል ትሙቅ። ኢንዛይም ብቻ ያለበት ሌላ ቱቦም ይኑራችሁ፤ ኢንዛይሙም ፕሮቲን ስለሆነ ራሱ ንባብ ሊሰጥ ይችላል። ዲፒፒኤች በሚባለው የአንቲኦክሲዳንት መለኪያ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። እሱ የሚሟሟው በአልኮል ነው፤ የእናንተ ፔፕታይድ፣ ማለትም የተቆረጠው የፕሮቲን ቁራጭ፣ አልኮል ውስጥ ሊደፈርስና ንባቡን ሊያሳስተው ይችላል። በውሃ የሚሠራ ሌላ መለኪያ ጨምሩበት። ጂም የሚሄድ ጓደኛችሁ «ታዲያ ይህን ብጠጣ ሰውነቴ ውስጥም ይሠራል?» ቢላችሁ፣ ቱቦና ጨጓራ አንድ እንዳልሆኑ ንገሩት። እዚያ የሚጠብቁት ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ።

እኔ ሥራውን ከሀ ጀመርኩት። ሦስት ወር ፈጀብኝ። የሙቀቱ ድርሻ ሲቀነስ ያ የኮራሁበት ቁልቁለት የሌለው ግራፍ አጠረ። ግን ሙሉ በሙሉ አልተኛም። እትዬ አዩትና፣ «ይቺ እንኳ ያንተ ናት» አሉኝ።