በጠፈር ላይ ስለተደበቁት ልዑልና ልዕልት፦ ለወጣት ጸሐፊዎች

ውድ ልጆቼ፣

የሰው ረቂቅ ማረም ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ፣ አሁን በኮምፒውተር። ልብወለዱም፣ የሕይወት ታሪኩም፣ የመማሪያ መጽሐፉም በእጄ አልፏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የምትልኩልኝ ነገር ተለውጧል። መንኮራኩር በዛ፣ ማርስ በዛ። አንድ ታሪክ ደግሞ እየተመላለሰ ይመጣል። የአንዱ ዓለም ልዑል ስሙን ቀይሮ ይጠፋል። የሌላው ዓለም ልዕልትም እንደዚሁ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ መርከብ ላይ ይሳፈራሉ፣ ይዋደዳሉ።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «የልጆች ጨዋታ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ እኛ አገርም የቆየ ነው።

አፄ በካፋን ታውቋቸዋላችሁ። ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የነገሡት ናቸው። ተራ ሰው መስለው አገሩን እየዞሩ ያዩ ነበር ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከመዘገባቸው ወጎች አንዱ፣ ንጉሡ እንዲህ ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ እንደታመሙ ይተርካል። አንድ ቤት አስጠጋቸው። የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው። በኋላ እቴጌ ምንትዋብ የተባሉት እሷ ናት። ልጃቸው ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ አገር የመሩት፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ማለት ነው። እሳቸውም ቢሆኑ የዘር ሐረጋቸው ከአፄ ሚናስ ይመዘዛል ይባል ነበር። ስለዚህ በዚያች ቤት ውስጥ አንድ የተደበቀ ንጉሥና አንዲት ከቤተ መንግሥት የራቀች የንጉሥ ዘር ነበሩ። እናንተ በመንኮራኩር የምትፈልጉት ቋራ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችሁ ነበር።

ልብ በሉ፣ ልጅቷ ስታስታምም እንግዳው ማን እንደሆነ አታውቅም። የእግዜር እንግዳ ነው። የእግዜር እንግዳ ማንነቱ ሳይጠየቅ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እኔን የሚይዘኝ ያ ሌሊት ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ይቃዣል። ሲቃዥ ምን አለ? የሰማው ማን ነው? የሰማችው እሷ ከሆነች፣ ነግቶ ውሃ ስታቀብለው ዓይኑን እንዴት አየችው? ብሩስ ይህን አልነገረንም። የናንተ ሥራ እዚህ ይጀምራል። የተደበቀ ልዑል ታሪክ የሚቆመው ማን፣ ምን፣ መቼ አወቀ በሚለው ላይ ነው።

ከረቂቆቻችሁ ብዙዎቹ ይህን በቀለበት ይገላገሉታል። ልዑሉ ቀለበቱ ይወድቅበታል፣ እሷ ታነሳዋለች፣ ማኅተሙን ታያለች፣ አለቀ። ወይም አንድ ማሽን ደሙን መርምሮ «ልዑል!» ብሎ ይጮኻል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንዲህ ያለው ነገር ልብ አይነካም። ሰው የሚጋለጠው በልማዱ ነው። የሩሲያው ንጉሥ ቀዳማዊ ጴጥሮስ በ1697 እ.ኤ.አ. ፒዮትር ሚካይሎቭ በሚል ስም መርከብ ሥራ ሊማር ሆላንድ ሄዶ ነበር። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ዛንዳም በምትባል ከተማ ሳምንት ያህል እንኳ ሰው አላስቀምጥ አለው፤ ወሬው ተሰምቶ ለማየት ይጋፋ ነበር። ቁመት አይደበቅም። ያደግንበት ነገርም እንደ ቁመት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ረቂቅ ላከችልኝ። ልዑሉ ጭነት ጫኝ መስሎ ወደ ማርስ በሚሄድ መርከብ ላይ ተቀጥሯል። ልዕልቷ የሞተር ቴክኒሻን ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ቋንቋዋ ያምራል። ማንነቱ የሚታወቀው ግን ያው በቀለበት ነው። ቡና ጋበዝኳትና አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ይህ ልጅ ቤተ መንግሥት ሲያድግ ምግብ ሲቀርብ እጁን ማን ያስታጥበው ነበር?» ዝም አለች። ከዚያ ሳቀችና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ወደፊት ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። ማስታጠቢያ እንደሚጠብቅ ሰው።

አገኘችው። ልዑሉ የመጀመሪያው ራት ላይ ሳያስበው ሁለት እጁን ይዘረጋል። ውሃ የሚያፈስ አሽከር የለም። ክብደት የሌለበት ነውና ውሃ የሚፈስበት አገርም አይደለም። ጫኞቹ ይስቁበታል። ልዕልቷ ግን አትስቅም። የእሷም እጆች እኩል ሊዘረጉ ሲሉ ነው ጭኗ ላይ የመለሰቻቸው።

ጠፈሩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለጌጥ አታድርጉት። ታሪኩን በሚረብሽ ቦታ አስቀምጡት። ማርስና ምድር ሲቀራረቡ መልእክት በ3 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ሲራራቁ 22 ደቂቃ ይፈጃል። «ትወጂኛለሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን እስከ 44 ደቂቃ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚያ መሃል ስንት ጊዜ ይጸጸታል! ማርስ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በዙሪያዋ ያለው ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል፣ እሱንም ተጠቀሙበት። እኔ ግን ያቺን 44 ደቂቃ እመርጣለሁ።

ራቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ የራሳችን ኮከብ አለን። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለ። አንድ ልጅ ሠርጉን አቦል ላይ ደግሶ፣ ሙሽሮቹን ሜዳ ላይ ሲያስጨፍር አነበብኩ። አቦል ግን የጋዝ ፕላኔት ነው፣ በክብደት ጁፒተርን ብዙ እጥፍ የሚያስከነዳ። የሚረገጥ መሬት የለውም። ጨረቃ ፍጠሩለትና እዚያ ላይ ደግሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። አንድ ዙር ለመዞርም የእኛን ሁለት ዓመት ተኩል ያልፋል። «ለዓመቱ እመለሳለሁ» ያለ ሰው በየትኛው ዓመት እንደማለ ማወቅ ይኖርባችኋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ርቀቱ ነው። ቡና ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃን ራሱ 200 ዓመት የሚጓዘው ርቀት ማለት ነው። አንድ ንጉሥ ከምድር «ልጄ ተመለስ፣ ዙፋኑ ያንተ ነው» ብሎ ቢልክ፣ ቃሉ እዚያ የሚደርሰው ከ200 ዓመት በኋላ ነው። የላከው የለም። ዙፋኑም መኖሩን እንጃ። ልዑሉ ስሙን የደበቀበት መንግሥት ራሱ ጠፍቶ ይሆናል፣ እሱ ግን አሁንም እየተደበቀ ነው! ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ መፍጠር ከፈለጋችሁም መብታችሁ ነው። ግን መርከቡ እያለ ደብዳቤው ለምን እንደዘገየ አንባቢ ይጠይቃችኋል።

ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ወዲያው ለሕዝብ አልተነገረም። በሌለ ንጉሥ ስም የሚምል፣ የሚፈራና የሚጠብቅ ሰው ነበረ። የቤተ መንግሥት ታሪክ ሁልጊዜ የወሬ መዘግየት አለበት። ጠፈር ያንን መዘግየት ያረዝመዋል።

አሁን ወደ ፍቅሩ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ትቸኩላላችሁ። ማንነቱ ታወቀ፣ እሷ ለግማሽ ገጽ አለቀሰች፣ ሳማት፣ ታረቁ። ቆይ እንጂ! ሰው የወደደው ሰው ስሙን እንኳ ደብቆት እንደኖረ ሲያውቅ ምን ይሆናል? ያለፈውን ሁሉ መልሶ ይፈትሻል። ያኔ ስለ እናቱ የነገረኝ እውነት ነበር? የሳቀው ከልቡ ነው? ይህ ምርመራ ረጅም ነው፣ ቦታ ስጡት። እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ የምወደው ሰው አንድ ትልቅ ነገር ደብቆኝ ነበር። ዝርዝሩ ይቅር። ለወራት ያደረግኩት ግን ይኸው ነው፤ የድሮ ወሬዎቻችንን አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ብርሃን እያስጠጋሁ ማየት።

አንድ ሌላ ጸሐፊ «ሁለቱም ስለዋሹ እኩል ናቸው፣ ውሸታቸው ይካካሳል» ብሎ ተከራከረኝ። እኩል አይደሉም። አንዱ ቀድሞ አውቋል። ቀድሞ ያወቀው ሰው እያወቀ ዝም ብሏል። ልዕልቷ እጆቹን ምዕራፍ 4 ላይ አይታ እስከ ምዕራፍ 7 ዝም ካለች፣ በእነዚያ ሦስት ምዕራፎች ውስጥ እሱ አንድ ውሸት ሲዋሽ እሷ ሁለት እየዋሸች ነው፤ የራሷንና የእሱን። ለምን ዝም አለች? ፈርታ? አዝናለት? ወይስ ጫኝ ሆኖ ስትወደው የነበረውን ሰው ላለማጣት? መልሱን አንድ ብቻ አታድርጉት። እንዲህ ባለ ነገር ሰው በአንድ ምክንያት ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

የማስታጠቢያዋ ልጅ ምዕራፍ 7ን እንደገና ጻፈችው። ባለፈው ወር ላከችልኝ። ከመጻፏ በፊት ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ በ2013 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሳየውን ቪዲዮ አይታለች። እርጥብ ፎጣ ክብደት በሌለበት ሲጠመዘዝ ውሃው አይንጠባጠብም። እንደ ጄል ሆኖ እጅ ላይ ይለጠፋል።

ራት ነው። ጫኞቹ ተኝተዋል። ልጁ ደክሞታል፣ እንደ ልማዱ ሁለት እጁ ወደፊት ይዘረጋል። ነቅቶ ሊሰበስባቸው ሲል ልዕልቷ ፎጣዋን አርሳ ትመጣለች። ምንም አትልም። ከእጆቹ በላይ ይዛ ቀስ ብላ ትጠመዝዘዋለች። ውሃው አልፈሰሰም። መጀመሪያ የእሷን ጣቶች፣ ቀጥሎ የእሱን መዳፍ ሸፈነና በመሃላቸው እየተንቀጠቀጠ ቆመ። እሱ ቀና ብሎ አያት። «ማን አስተማረሽ?» አላት።