ቀጠሮ አለፈብኝ፤ ብሬስ?

ባሕር ዳር አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። በቪዲዮና በስልክ ለሚታከሙ ሰዎች ቀጠሮ የምይዘውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ስድቡም ምርቃቱም ቀድሞ የሚደርሰው ለኔ ነው። ባለፈው ሳምንት "የቸገራችሁን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ብርና ስለ መጠበቅ ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ሲስተር፣ ለቆዳ ሐኪም የቪዲዮ ቀጠሮ 9:00 የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ስገባ "ቀጠሮዎ አልፏል" ይላል። ድጋሚ ክፈል ተባልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ የርስዎ ብቻ አይደለም። እኔ ዘንድ ቀጠሮ ከሚያልፍባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዚሁ የተሸወዱ ናቸው። መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የሱ የጠዋት 9:00 በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቀኑም ያሳስታል። ሰኔ 12 እና ጁን 12 አንድ የሚመስላቸው አሉ፤ ሰኔ 12 እኮ ጁን 19 ነው። እኔ አሁን ቁጥር ብቻ አልልክም። ደውዬ "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ቁርስ በልተው ሲጨርሱ" እላለሁ። እርስዎ መልእክቱን አያጥፉት። "ጠዋት ይሁን ከሰዓት አልተጻፈበትም" ብለው ያሳዩአቸው። እኔ ብሆን በዚህ አላስከፍልም።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ ለአሥር ደቂቃ ምክክር አንድ ሰዓት ከሩብ ስልክ ላይ አፍጥጬ ጠበቅሁ። "ሐኪሙ በቅርቡ ይገባሉ" ይላል፣ አይገቡም። እኔ ሩብ ሰዓት ባረፍድ ብሬ ይቃጠላል። እሳቸው ሲያረፍዱስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ከራሴ መሥሪያ ቤት ጋርም እጨቃጨቃለሁ፣ እውነትሽን ነው። ግን ውስጡን ልንገርሽ። ብዙ ስፔሻሊስቶች ቀኑን የሚውሉት ሆስፒታል ነው። የቪዲዮ ታካሚ የሚያዩት በመሀል ባገኙት ክፍተት ነው። አንድ ድንገተኛ ታካሚ ከመጣ ክፍተቱ ተዘጋ። በዚያ ላይ ቀጠሮ ይደራረባል። የተወሰነ ሰው ይቀራል ተብሎ ለአንዱ የቀጠሮ ሰዓት ሁለት ሰው ይያዛል። ሁለቱም ሲመጡ አንዱ ይጠብቃል። ጠብቆ የሰለቸው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀራል። እሱ ሲቀር እንደገና ይደራረባል። እንዲህ ነው የሚዞረው።

ከመክፈልሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። ስንት ደቂቃ ካረፈድኩ ነው የሚቃጠለው? ዶክተሩስ ስንት ደቂቃ ካረፈዱ ነው ብሬ የሚመለሰው? ለመጀመሪያው መልስ ኖሯቸው ለሁለተኛው ከሌላቸው እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ከተቻለ የቀኑን የመጀመሪያ ቀጠሮ ያዢ፤ መዘግየት እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው። እየጠበቅሽ ደግሞ ወደ ቲክቶክ አትውጪ። አንዳንዱ መተግበሪያ ከወጣሽ ከተራሽ ያስወጣሻል።

ጥያቄ፦ በቴሌብር ከፍያለሁ። ክሊኒኩ "አልደረሰንም" ይላል።

መልስ፦ በጽሑፍ መልእክት የመጣውን የግብይት ቁጥር አሳያቸው። እስክትታከም አታጥፋው።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ አባቴ ስኳር አለባቸው። ባሕር ዳር በጀልባ ከማመላልሳቸው ብዬ ቪዲዮ አስያዝኩ። ገና ሰላም እንደተባባሉ ኔትወርክ ጠፋ። "ታካሚው አልተገኙም" ተብሎ ክፍያው ቀረ።

መልስ፦ መስመር መቋረጥና መቅረት ለየቅል ናቸው። አባትህ የገቡበት ደቂቃ ሲስተሙ ላይ ይመዘገባል፤ ያንን እንዲያዩ ጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን ለስኳር ክትትል ቪዲዮ ምን ያደርጋል? ሐኪሙ የሚፈልገው ቁጥሩን ነው። የሁለት ሳምንት ልኬት፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የተለካውን ከነቀኑ ጻፍና ቀድመህ ላክ። ከዚያ በተራ ስልክ ይደወልላቸው። ነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኛን ታካሚዎች ያተረፈው ተራ ስልክ ነበር። ያዘጋጀነው ቪዲዮ ሁሉ ዋጋ አጣ። ቀጠሮ ስታስይዝ "መስመር ከተቋረጠ በዚህ ቁጥር ይደወል" ብለህ አስመዝግብ። እግራቸው ላይ ቁስል ካየህ ግን ስልኩን ተወውና ጀልባ ፈልግ። የስኳር ታካሚ እግር በፎቶ አይታይም።

ጥያቄ፦ እህቴ ዋሽንግተን ናት። እዚያ ያለ ሐበሻ ዶክተር እናታችንን በወር አንዴ በዙም ያያቸዋል። ኅዳር ላይ አንድ ሰዓት ተዛንፈን አለፈን። እህቴን ደግሞ ለቀረችበት የራሷ ቀጠሮ አስከፍለዋታል። ይቻላል እንዴ?

መልስ፦ አሜሪካኖች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። ማርች ላይ በሁለተኛው እሑድ፣ ኖቬምበር ላይ በመጀመሪያው እሑድ። እኛ አንነካውም። ስለዚህ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ነው። እነዚያ ሁለት እሑዶች ካለፉ በኋላ ቀጠሮውን እንደገና አረጋግጡ። ክፍያውን በተመለከተ እዚያ የተለመደ ነው። ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም፣ ከኪስ ነው። ሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ያለው ሰው ግን ለቀረበት ቀጠሮ ሊከፍል አይገባም። ኢንሹራንሷ የትኛው እንደሆነ ትመልከት። የመጀመሪያ ጊዜዋ ከሆነም ደውላ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ብዙ ቦታ ያነሡታል።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ቢያጋጥመኝስ?

መልስ፦ ደውይ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ሆነሽም ቢሆን ደውይ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ የተሰረዘ ቀጠሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለ ለቅሶ የተደወለልኝን አስከፍዬ አላውቅም። ምንም ሳይል የጠፋውን ግን አስከፍያለሁ።

ጥያቄ፦ ከትናንት ጀምሮ ደረቴን ይጨምቀኛል፣ ግራ እጄም ይደነዝዛል። የቪዲዮ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ብሰርዘው ብሩ ይቃጠላል?

መልስ፦ ይሄን እንዳነበብኩ ለርስዎ ለብቻዎ ደውያለሁ፤ ለሌሎቻችሁ ነው የምጽፈው። ሐሙስን አትጠብቁ። አሁኑኑ ሰው ይዟችሁ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ ወይም 907 ደውሉና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ስለ ብሩ በኋላ እኔው እከራከርላችኋለሁ።