መቶ ብር ስንጨምር አከራዩ ቀደመን

ሰሞኑን ገና ሥራ የጀመረች አንዲት የሂሳብ ባለሙያ "ጋሼ፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ቢወሰን ፋብሪካዎች አይዘጉም ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። ዕቃ ሲወደድ ገዢ ይቀንሳል፤ ጉልበት ሲወደድም ቀጣሪ ይቀንሳል። በቆምንበት ትንሽ ነገር ብያት ተለያየን። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ለእሷም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ ሂሳብ፣ መሥራት ለጀመራችሁ እኩዮቿም ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር ነው፤ ድሮ ፐርሶኔል ይባል በነበረው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት ለውጭ ገበያ ልብስ በሚሰፋ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ2010 ዓ.ም. ግድም ነው። የሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ተመርቆ ሌሎች ከተሞችም ተራቸውን የሚጠብቁበት ጊዜ ነው። የአንዲት ሰፊ መነሻ ደመወዝ 750 ብር አካባቢ ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ይህንን መነሻ በወር 26 ዶላር ብሎ አስልቶ፣ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አለ። እኛ ሪፖርቱን ሳንጠብቅ እናውቀው ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ መልቀቂያ ይዛ ቢሮዬ ገባች። የሸሚዝ አንገትጌ ነበር የምትሰፋው። አንገትጌ ለማንም አይሰጥም። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልወጡ ሸሚዙ ሪጄክት ነው። ሱፐርቫይዘሯ እሷ የቀረች ቀን የስፌት መስመሩ እንደሚጨናነቅ ደጋግሞ ነግሮኛል። ተቀመጪ አልኳት። ለምን እንደምትለቅ ጠየቅኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣችና ገጹን ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

በእስክሪብቶ በጥንቃቄ የተጻፈ ዝርዝር ነው። ከላይ 682.50 ይላል። 750 ብሯ ላይ ጡረታና ግብር ተቆርጦ እጇ የሚገባው ነው። በዚያ ወር ታማ ስለቀረች የመገኘት ጉርሻዋን አጥታለች። ራሷን ጨምሮ ለአራት በሚኖሩበት የ800 ብር ክፍል የኪራይ ድርሻዋ 200። ቁርስና እራት 330፤ ምሳ ፋብሪካው ያበላ ነበር። ሳሙና፣ ቅባትና ሞዴስ 60። ለእናቷ የምትልከው 90። እቁብ ከሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ከታች "ቀሪ 2.50" ይላል።

"ጋሼ፣ የቱ ላይ ልቀንስ? እርስዎ ያሳዩኝ" አለችኝ።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እንደገና አየሁት። የሚሰረዝ መስመር የለውም። ለእናትሽ አትላኪ ልላት ነው? ለቁርስና እራት በቀን አሥራ አንድ ብር ነው የያዘችው። መልቀቂያውን ለጊዜው ያዥልኝ አልኳት። ገጹን ኮፒ እንዳደርገው ጠየቅኳት፤ ፈቀደችልኝ። ትንሽ ጠብቂ፣ የማደርገውን አደርጋለሁ አልኳት።

ያንን ኮፒ ይዤ የማኔጅመንት ስብሰባ ገባሁ። እዚያ የሚባለውን አውቀዋለሁ። ዋጋ የሚተምነው ውጭ ያለው ገዢ ነው፤ እኛ ለአንድ ሸሚዝ የሚከፈለንን መጨመር አንችልም፤ ዙሪያችን ያሉትም ፋብሪካዎች ከዚህ አይበልጡም። ከነዚህ የመጨረሻው እውነት ነበር። የአካባቢው ቀጣሪዎች በደመወዝ ላንበላለጥ የተባባሉ ይመስሉ ነበር። ስለዚህ የልጅቷን ደብተር አስቀድሜ አላወጣሁም። መጀመሪያ ያቀረብኩት የፋብሪካውን የራሱን ወጪ ነው።

አዲስ ሰፊ ስትቀጠር የመጀመሪያ ቀናቷን የምታሳልፈው በጨርቅ አይደለም። መስመር የተሰመረበት ወረቀት ይሰጣታል። ማሽኑ ላይ ክር አይገባም። መርፌው መስመሩን ሳይለቅ ወረቀቱን እንዲበሳ ታደርጋለች፤ መጀመሪያ ቀጥታውን፣ ከዚያ ጥጉን፣ ከዚያ ክቡን። እግሯ ፔዳሉን እስኪለምድ ሳምንት ይሄዳል። ጨርቅ ላይ ስትደርስ ያበላሸችው ይጣላል። ሙሉ ፍጥነት ላይ እስክትደርስ ወራት አሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደመወዝ ይከፈላታል፣ ምሳ ትበላለች፣ በሰርቪስ ትመላለሳለች፣ አሠልጣኝ አጠገቧ ይቆማል። ልክ እጇ ሲፈታ ደግሞ ትለቃለች። ያ የስተርን ሪፖርት በአማካይ ፋብሪካዎቹ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ጽፏል። እኛም ዘንድ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ርካሽ የተባለው ጉልበት ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በፔይሮሉ ላይ ግን አይታይም፤ ሥልጠና፣ ሪጄክት፣ ዘግይቶ የተላከ ትዕዛዝ እየተባለ በሌላ የሂሳብ መደብ ተበታትኖ ይቀመጣል።

ቀጥዬ ደብተሩን አሳየኋቸው። ዝም ተባለ። በኋላ መቶ ብር ይጨመር ተባለ። ለእኛ ትልቅ ድል ነበር።

መቶዋ ብር በፔይሮል ውስጥ ስታልፍ 83 ብር ሆነች፤ ሰባቱ ለጡረታ፣ አሥሩ ለግብር። ጭማሪው በወጣ በወሩ የሰፈሩ አከራዮች ኪራይ ጨመሩ። የኛን ደመወዝ መክፈያ ቀን ከሠራተኞቹ እኩል ያውቁታል። የ800 ብሩ ክፍል 1,200 ገባ። ለአራት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ መቶ ብር ነው። ልጅቷ 83 ብር ተጨምሮላት 100 ብር ወጣባት። ጭማሪያችን በወር 17 ብር ከ2.50ዋ በታች አወረዳት።

ሁለተኛ ስትመጣ ደብተር አልያዘችም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፍተውልኛል" ብላ መልቀቂያዋን አስቀመጠች። አረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ ጀምራለች። ያ ሁሉ ሙያ፣ ያ አንገትጌ፣ ሰው ቤት ወለል ሊወለውል ሄደ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ይገባታል ብለን ያወጣነው ገንዘብ በእሷ እጅ አልፎ ሄደ እንጂ አልደረሳትም።

ከዚህ ተነስቶ "አያችሁ፣ ደመወዝ መጨመር ዋጋ የለውም" የሚል ይኖራል። እኔ አልልም።

አባቴ አቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። በ1966 የካቲት መጨረሻ የያኔው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ልጅ ነበርኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን የሚል ነበር። አባቴ በሥራ ቀን ነጠላ ለብሶ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እናቴ ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። ሃምሳ ዓመት አለፈ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ዛሬም በየሜይ ዴዩ ይህንኑ ይጠይቃል።

ሕጉ የለም እንዳትሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም ይላል። ቦርዱ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል ይላል። "በየጊዜው" የሚለውን አስምሩበት። ለመንግሥት ሠራተኛ መነሻ አለው፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 4,760 የነበረው 6,000 ብር ሆኗል። ለግሉ ፋብሪካ ሠራተኛ ግን እስካሁን ቁጥር የለም። አንድ ከተማ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ የጤፍ ዋጋ፤ አንዷ ወለል አላት፣ ሌላዋ የላትም። ይህ ሊገባኝ አልቻለም።

ወደ ፋብሪካ መዘጋቱ ልመለስ። እናንተ የምትወዱት የአሜሪካ ምሳሌ አለ። ቴሌግራም ላይ ስትከራከሩ አያለሁ፤ ግማሻችሁ "በሰዓት ይህን ያህል ዶላር" ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ "ሥራ አጥነት ይበዛል" ትላላችሁ፤ የራሱን የሥራ ውል ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ትውልዳችሁን የማደንቅበት ነገር አለኝ፤ እኛ በሹክሹክታ የምናወራውን ደመወዝ እናንተ በአደባባይ ትጠይቃላችሁ። ግን ስትጠይቁ ሰነድ ይዛችሁ ጠይቁ።

ምሳሌው እንዲህ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አደረገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ ባለችበት ቆየች። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የሚባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በሁለቱም በኩል ያሉ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ጠየቁ። በኒው ጀርሲ የሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። ሌሎች ምሁራን የድርጅቶቹን የፔይሮል መረጃ ይዘው ተከራክረዋቸዋል፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ካርድ በ2021 እ.ኤ.አ. በኖቤል ሽልማት ሲከበር ይህ ሥራው ተጠቅሷል። ለእኔ ትርጉም የሰጠኝ ምክንያቱ ነው። ቀጣሪዎች ጥቂት ሆነው ሠራተኛው ሌላ መሄጃ ሲያጣ፣ ደመወዙ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ያኔ ወለሉ ከፍ ቢል ፋብሪካ አይዘጋም፤ ሠራተኛ ይረጋል። የኛ ፓርክ ዙሪያ የነበረው ይኸው ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልናገር። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከምንልክበት ዕድል፣ ስትታገድ የሆነውን አይቻለሁ። ትዕዛዝ ቀረ። ማሽን ቆመ። በዚያ ወር አንድ ሰው መጥቶ "ዛሬ ወለል ይወሰን" ቢለኝ ኖሮ ቆይ እለው ነበር። ከላይ ካልኩት ጋር አይጋጭም ወይ ካላችሁኝ ይጋጫል። ሁለቱንም አምናለሁ። ኒው ጀርሲ የጨመረችው ከመቶ 19 ያህል ነው፤ እኛ በአንድ ጊዜ እጥፍ ብንል ውጤቱ ሌላ ነው። ለዚህ ነው በየዘርፉ የሚለይ፣ በትንሹ የሚጀምር፣ ቀኑ ታውቆ በየዓመቱ የሚከለስ ወለል የምደግፈው። የሚከለስበት ቀን ያልታወቀ ወለል በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ገበያ ይውጠዋል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያየነውን አስታውሱ፤ ዶላሩ 57 ብር ከነበረበት መቶን ሲያልፍ ጊዜ አልወሰደም።

ፔይሮል የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ይህችን አስሉ። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። የ4,000 ብር ደመወዝ ያላት ሠራተኛ 300 ብር ግብር፣ 280 ብር ጡረታ ትከፍላለች። እጇ የሚገባው 3,420 ነው። ቀጣሪዋ 11 በመቶ ጡረታ ጨምሮ 4,440 ያወጣል። በመሐል 1,020 ብር አለ። ቀጣሪው "ብዙ እከፍላለሁ" ሲል፣ ሠራተኛዋ "አይበቃኝም" ስትል ሁለቱም አይዋሹም። ስብሰባ ላይ የሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ ሲጯጯሁ ይውላሉ። ያንን ሰው ሁኑ። ስንት ሰው እንደለቀቀ ብቻ ሳይሆን፣ የአንድ ሰው መልቀቅ ስንት እንዳስወጣ በየሩብ ዓመቱ አስልታችሁ ለአለቆቻችሁ አቅርቡ። ባይጠይቋችሁም አቅርቡ።

ኪራዩንም አትርሱ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ እንደፈለገ እንዳይጨመር ገደብ አበጅቷል። ሆኖም አራት ልጆች በቃል ተስማምተው ለሚከራዩት የጓሮ ክፍል ውል የሚያስመዘግብ ማን ነው? የደመወዝ ቦርዱ ሲቋቋም ከፋብሪካ ባለቤቶችና ከማኅበራት ጋር የከተማው ቤቶች ቢሮም ወንበር ይኑረው ባይ ነኝ። በፋብሪካ ዙሪያ ያሉ ሰፈሮች የኪራይ ውል ሳይመዘገብ፣ ለሠራተኛ የሚሆን ማደሪያ ሳይሠራ የሚታወጅ ጭማሪ የት እንደሚገባ አይቻለሁ። የሂሳብ ባለሙያዋም "ፋብሪካው ይዘጋል ወይ?" ብላ ከጠየቀች ዘንድ፣ ጭማሪው ከወጣ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት የሠራተኞቹን ኪራይ ትመዝግብልኝ። ያ መዝገብ ለቦርዱ የሚጠቅም ማስረጃ ነው፤ እኔ በጊዜዬ አንድ የደብተር ገጽ ብቻ ነበር የያዝኩት።